ጋኗ ብቻ የቀረላት መርከብ

አንባቢ ሆይ፤ በቤትዎ ወይም በመሥሪያ ቤትዎ ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ተሰቅሎ እንደሆነ እስቲ አንድ ጊዜ ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ጣትዎን በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሳን ፍራንሲስኮ በምትባለው ከተማ ላይ ያኑሩና ባሕሩን በግራ፥ ምድሩን በቀኝ እያደረጉ ወደ ሰሜን ይጓዙ። ካሊፎርንያን ጨርሰው ኦሪገን ወደሚባለው ግዛት ከገቡ በኋላ፥ ኮሎምብያ የተባለው ትልቅ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚፈስበት ስፍራ ሳይደርሱ፥ ዲፖ ቤይ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። በግድግዳ ካርታ ላይ አያገኟትም። ከእርስዋ በስተ ሰሜን አንድ ማይል ያህል እንደተራመዱ ጥቁር ቋጥኝ የከበበው ወሽመጥ ይገኛል። ስሙ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የጋን ወሽመጥ» እንደ ማለት ነው። ጋን ያልሁት የጠላውን ጋን አይደለም፤ በእንፋሎት መርከብ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ውሃ የሚፈላበትን ትልቁን የብረት ጋን ነው፤ መካኒኮች ቦይለር የሚሉትን።

አገር ስም የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከንጉሥ፥ ከጻድቅ፥ ከወንዝ ወይም ከዛፍ ነው። ከተጣለ ብረት ስም ያገኘ ወሽመጥ ግን ብዙ አልሰማሁም። ባሕሩ በጣም በሚሸሽበት ሰዓት ከቋጥኙ መካከል አንድ የዛገ፥ ክብ የሆነ፥ ቀንድ አውጣ የመሳሰለ የባሕር ፍጥረት የተለጠፈበት ነገር ብቅ ይላል። ባሕሩ ሲመለስ ደግሞ ይሰወራል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ እንዲህ ሲታይና ሲሰወር ኖሯል። ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብሁት የዚህን ጋን ባለቤት፥ «ጄ. ማርሆፈር» የተባለችውን የእንጨት መርከብ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለሆነ ልብ ይበሉ።)

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1906 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 18 ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ሳን ፍራንሲስኮን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አናወጣት። መንቀጥቀጡ አንድ ደቂቃ ያህል ቢቈይ ነው፤ ተከትሎ የመጣው እሳት ግን ለቀናት ነደደ። የውሃ ቧንቧዎቹ ተሰባብረው ስለ ነበረ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦአቸውን ይዘው ቆመው ከማየት በቀር ብዙ ማድረግ አልቻሉም። 28,000 ያህል ሕንፃ ጠፋ፤ ከ400,000 ነዋሪ ከግማሹ የሚበልጠው ቤት አልባ ሆነ። ከተማይቱን ያጋያት የእንጨት ቤት መብዛቱ ሆኖ ሳለ፥ ከተማይቱን መልሶ ለማቆም መጀመሪያ የተፈለገው ያው እንጨት ነበር። ሰው እንዲህ ነው፤ አልፈርድበትም። ብርድ ላይ የተኛ ቤተ ሰብ ሲሚንቶ እስኪመጣ አይጠብቅም።

እንጨቱ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ከካሊፎርንያ ሰሜን ጀምሮ እስከ ኦሪገንና ዋሺንግተን ግዛቶች ድረስ የባሕሩ ጠረፍ ሁሉ ደን ነበረ፤ ቁመቱ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ የሚበልጥ ቀይ ዝግባ መሳይ ዛፍና ዳግላስ ፈር የሚሉት ቀጥ ያለ ዛፍ የሞላበት ደን። የጎደለው መንገድ ነበር። ተራራው ከባሕሩ ዳር ድረስ ወርዶ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ የባቡር ሐዲድ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሰሜን ካሊፎርንያዋ የእንጨት ከተማ እስከ ዩሪካ የደረሰው በ1914 ዓ.ም. ነው። የመኪና መንገዱማ ከዚያም በኋላ ነው። ስለዚህ ጣውላው መሄድ የሚችልበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ባሕሩ።

በዚህ ባሕር ላይ ይሠሩ የነበሩት መርከቦች ታሪክ በራሱ አስደሳች ነው። መጀመሪያ ሁሉም በሸራ የሚሄዱ ነበሩ። ንፋስ ከሰሜን ስለሚነፍስ፥ ወደ ደቡብ ጣውላ ጭነው ሲወርዱ ደኅና፥ ባዶአቸውን ወደ ሰሜን ሲመለሱ ግን መከራ ነበር። በ1880ዎቹ ዓመታት አንዳንድ ባለ መርከቦች በሸራው መርከብ የኋላ ክፍል ትንሽ የእንፋሎት መኪና ማስገባት ጀመሩ። ሥራው መልካም ሆኖ ስለ ተገኘ ከመጀመሪያው ለእንፋሎት የታሰበ የእንጨት መርከብ መሥራት ተለመደ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ጠረፍ እንዲህ ያሉ ከ200 የሚበልጡ መርከቦች ተሠርተዋል። መኪናውም፥ ጋኑም፥ የሰው መኖሪያውም ወደ ኋላ ተሰብስቦ፥ ፊቱ ሁሉ ለጭነት የተተወ ነበር። ጭነቱም በሆዷ ብቻ አይወሰንም፤ ጣውላው ከላይ በመርከቢቱ ጀርባ ላይ እንደ ጭድ ክምር ይቈለልና በሰንሰለት ይጠፈራል። ሩቅ ሆኖ ለሚያያት ሰው መርከብ ሳትሆን የምትሄድ የጣውላ መጋዘን ትመስላለች።

«ስለ ምን በእንጨት ሠሯት? ያን ጊዜ የብረት መርከብ አልነበረምን?» ብሎ አንድ ተማሪዬ ጠይቆኛል። ጥያቄው የሚገባ ነው። የብረት መርከብ ከተሠራ ያን ጊዜ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ነገር ግን ብረቱ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ከምሥራቅ መምጣት አለበት፤ ኪራዩ ዋጋውን ያንረዋል። ጣውላው ግን መርከብ ከሚሠራበት ግቢ አጠገብ፥ በዚያው መንደር መሰንጠቂያ ተሰንጥቆ ይወጣል። ዳግላስ ፈር ረጅምና አንጓ የሌለው ወራጅ ስለሚሰጥ ለመርከብ አጥንት የተፈጠረ ይመስላል። ደግሞም ይህን ልብ ይበሉ፤ እንጨቱን የሚሸጠውና መርከቢቱን የሚያሠራው ብዙ ጊዜ አንድ ነጋዴ ነበር። ከራሱ ጎተራ የሚበላ ሰው ዋጋ አያሰላም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፥ እኔን ሲያስገርመኝ ስለ ኖረ። እኛ ጨው ነገርን የሚበላ ይመስለናል፤ ብረትንስ በእርግጥ ይበላል። የእንጨት መርከብ ጠላት ግን ጨው ውሃ አይደለም፤ የዝናብ ውሃ ነው። እንጨትን የሚያበሰብሰው ሻጋታ ጨው ባለበት አይመቸውም። ስለዚህ የመርከብ አናጢዎች በመርከቢቱ አጥንቶች መካከል ጨው ይጠቀጥቁ ነበር፤ ልክ እኛ ቋንጣን በጨው እንደምናሽ። ይህን በኋላ ስለምፈልገው አይርሱብኝ።

የእኛይቱ መርከብ ማርሆፈር በ1907 ዓ.ም. በዋሺንግተን ግዛት አበርዲን በተባለች የእንጨት ከተማ ተሠራች። ርዝመቷ 175 ጫማ፥ ማለት 53 ሜትር ያህል ነበር፤ ክብደቷም በመርከብ አለካክ 600 ቶን ያህል። ለውቅያኖስ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር ነው። የዚህ ዓይነት መርከብ ፍጥነት በሰዓት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደኅና ብስክሌት ነጂ ይቀድማታል። ስለ እርስዋ ግጥም የጻፈ የለም። ጣውላ ትጭናለች፥ ታራግፋለች፥ ትመለሳለች።

ሥራው ግን ቀላል እንዳይመስልዎ። በሰሜን ካሊፎርንያ ጠረፍ ብዙው የጭነት ስፍራ ወደብ አልነበረም፤ ገደል ሥር ያለች ጠባብ ጎድጓዳ ውሃ ናት። መርከበኞቹ «የውሻ ጉሬ» ይሉዋት ነበር፤ ውሻ እንኳ ገብቶ ለመዞር የምትጠበው ለማለት ነው። መርከቢቱ በቋጥኞች መካከል ትገባና ገመድ በአራት በኩል ታስራ ትቆማለች። ከገደሉ አናት እስከ መርከቢቱ ድረስ ወፍራም የሽቦ ገመድ ይዘረጋል። ጣውላው በዚያ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ቍልቍል ይንሸራተታል፤ ከታች ያሉት ሰዎች ማዕበሉ ከፍ ዝቅ በሚያደርጋት መርከብ ላይ ቆመው ይቀበሉታል። አንዳንድ ጊዜ መንገደኛም በዚያው ገመድ በቅርጫት ይወርድ ነበር። ንፋሱ አቅጣጫውን የለወጠ እንደሆነ ካፒቴኑ ገመዱን አስቈርጦ ወደ ጥልቁ ባሕር መሸሽ አለበት፤ ግማሽ ሰዓት የዘገየ መርከቡን ለቋጥኝ ይገብራል።

ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከኖርዌይ፥ ከስዊድን፥ ከዴንማርክና ከፊንላንድ የመጡ ነበሩ። መርከብ መንዳት ብቻ ሳይሆን ጭነቱን የሚጭኑትም የሚያራግፉትም እነርሱው ራሳቸው ናቸው። እነዚህን ሰዎች ሳነሣ አንድ ታሪክ ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። በ1885 ዓ.ም. መጋቢት ወር፥ ደመወዝ በተቀነሰባቸው ጊዜ፥ የጠረፉ መርከበኞች በሳን ፍራንሲስኮ ፎልሰም በሚባለው መንገድ ጫፍ ባለው ወደብ ላይ ሌሊት ተሰበሰቡ። አዳራሽ አልነበራቸውም፤ የተሰበሰቡት ራሳቸው ባራገፉት የጣውላ ክምር ላይ ነው። ማኅበራቸው የተመሠረተው በዚያ ሌሊት ነው። ኋላ አንድሩ ፉሩሴት የሚባል ኖርዌያዊ መርከበኛ መሪያቸው ሆነና ከሠላሳ ዓመት ልመናና ክርክር በኋላ በ1915 ዓ.ም. የመርከበኞች ሕግ ወጣ። እስከዚያ ድረስ መርከቡን ጥሎ የሄደ መርከበኛ እንደ ወንጀለኛ ታስሮ ሊመለስ ይችል ነበር። ሕጉ ይህን አስቀረ፤ የነፍስ ማዳኛ ጀልባ በቂ እንዲሆን፥ ጀልባውንም የሚያውቁ ሰዎች በመርከቡ ላይ እንዲኖሩ አዘዘ። ለማርሆፈር ሰዎች ግን አምስት ዓመት ዘግይቶ መጣ።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። 1910 ዓ.ም. ሜይ 18 ቀን፤ በእኛ ግንቦት 10 ቀን 1902 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ይህ ቀን በሌላ ነገርም የታወቀ ነው። የሃሌ ኮከብ የተባለው ጅራታም ኮከብ በየ75 ወይም 76 ዓመቱ ይመለሳል፤ በዚያ ዓመት ሲመለስ ምድራችን በኮከቡ ጅራት ውስጥ የምታልፍበት ቀን ሜይ 18 እና 19 መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። የኮከብ ተመልካቾች በጅራቱ ውስጥ መርዛም ጋዝ መኖሩን በመሣሪያ አይተው ስለ ነበረ ጋዜጦች ወሬውን አራገቡት። መስኮቱን የደፈነ ነበረ፤ ለኮከቡ መድኃኒት ነው ተብሎ የተሸጠለትን ክኒን የዋጠም ነበረ። ጅራቱ ግን እጅግ የሳሳ ስለ ሆነ ማንንም ሳይነካ አለፈ። የዓለም ሕዝብ ዓይኑን ወደ ሰማይ አንጋጦ በነበረበት በዚያ ቀን፥ ከኦሪገን ጠረፍ ሦስት ማይል ያህል ገባ ብላ ወደ ሰሜን ትጓዝ በነበረችው ማርሆፈር ላይ ጥፋት የመጣው ከሰማይ ሳይሆን በእጅ ከሚያዝ አንዲት መሣሪያ ነው።

መሣሪያይቱ በቤንዚን የምትሠራ የእሳት መትፊያ ናት፤ ብረት በያጆች የሚይዙት። ፕሪሙስ የሚባለውን የላምባ ምድጃ የሚያውቅ ሰው አሠራሯን ወዲያው ይረዳዋል። በእጅ እየተገፋ አየር ይሞላባታል፤ ነዳጁ በግፊት ወጥቶ፥ በሙቀት ወደ ተን ተለውጦ፥ በቀጭን ቀዳዳ ሲወጣ ሰማያዊ ነበልባል ይሆናል። ፕሪሙስ ሲሞላ ወይም ሲለኮስ ፊቱን ያቃጠለው ሰው በየሰፈሩ አይታጣም። ላምባ እንኳ እንዲህ ካደረገ ቤንዚን ምን እንደሚያደርግ መገመት ነው። በአገሩ ሰዎች ዘንድ ተጽፎ እንደሚገኘው፥ በመኪና ክፍሉ ውስጥ የነበረ አንድ ወጣት ረዳት መካኒክ ይህችን መሣሪያ ለመለኰስ ሲታገል ፈነዳችበት። እሳቱም ክፍሉን ያዘው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ወጣቱን ይስቅበታል። እኔ አልስቅም። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነው ብሎ መዝገቡን መዝጋት ለአዛዦች ይመቻል እንጂ ነገሩን አያስረዳም። የእንጨት መርከብ መኪና ክፍልን በዓይነ ሕሊናዎ ይዩት። ግድግዳው፥ ወለሉ፥ ጣሪያው ደረቅ ፈር እንጨት ነው፤ ፈር ደግሞ ሙጫ ያለበት እንጨት ነው። መኪናው ያለማቋረጥ ዘይት ይቀባል፤ ዘይቱም ይንጠባጠባል፥ እንጨቱም ይጠጣዋል። ሦስት ዓመት ዘይት የጠጣ እንጨት መካከል የቤንዚን ነበልባል ይዞ መሥራት የተለመደ ሥራ ሆኖ ከተገኘ፥ እሳቱ የሚጠብቀው ቀኑን ብቻ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ሌላ ክፋት አለ። በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ መኪናው የሚቆመው ከመኪና ክፍሉ ነው፤ የውሃ መግፊያው ፓምፕ ኀይሉን የሚያገኘው ከዚያው እንፋሎት ነው። እንግዲህ እሳቱ የያዘው እሳት ማጥፊያውን ጭምር ነው ማለት ነው። ባሕር መካከል ተቀምጦ ውሃ ማጣት እንዲህ ነው። የሰዎቹ ምርጫ አንድ ሆነ፤ ጀልባዎቹን አውርደው መርከቢቱን መተው።

ሬድዮ ጠርቶ ርዳታ ማግኘትስ አይቻልም ነበርን? የአሜሪካ መንግሥት በባሕር መርከቦች ላይ የሬድዮ ቴሌግራፍ እንዲኖር ያዘዘው የመጀመሪያው ሕግ የጸደቀው በዚያው ዓመት ጁን 24 ቀን ነው፤ ማርሆፈር ከነደደች ከአምስት ሳምንት በኋላ። እርሱም ቢሆን 50 እና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዙ መርከቦችን ብቻ የሚመለከት ነበር። እንደ እርስዋ ያሉትን የጣውላ ጫኝ መርከቦች አይነካም። ሕግ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ብዙ መንገደኛ ያለበትን ስፍራ ነው።

ጀልባዎቹ ወደ ምድር ቀዘፉ። ያ ጠረፍ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው የሽርሽር አገር አልነበረም። በዲፖ ቤይ ላይ ያለው ድልድይ የተሠራው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ በ1910 ግን መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ እዚህና እዚያ የተበታተኑ ጥቂት ገበሬዎች ብቻ ይኖሩ ነበር። ከሩቅ ለስላሳ አሸዋ የሚመስለው ዳርቻ ሲቀርቡት ጥርሱን ያሾለ ቋጥኝ ነው፤ ማዕበሉም በላዩ ላይ ይሰበራል። እንግዲህ እንዲህ ተብሎ ይተረካል። በዚያ የምትኖር አንዲት ሴት ጭሱን አይታ ወደ ገደሉ ዳር ወጣች። ከጀልባዎቹ አንዱ ወደ አደገኛው ስፍራ ሲመጣ ባየች ጊዜ ቀይ ሹራቧን ይዛ ታውለበልብ ጀመር፤ «በዚህ በኩል አትምጡ» ማለቷ ነው። በጀልባው ያሉት ደግሞ «በዚህ በኩል ኑ» ያለቻቸው መሰላቸው። ቀዝፈው ገቡ፤ ማዕበሉ ጀልባውን ገለበጠው። የመርከቢቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሞተ።

ይህን ክፍል ባነበብሁ ቍጥር ልቤ ይቆማል። የሴቲቱን እንመልከት። ቀይ የአደጋ ምልክት ነው፤ የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የምታደርገው ትክክል ነበር። የመርከበኞቹንም እንመልከት። ከሚነድ መርከብ ላመለጠ ሰው፥ በማያውቀው ባዶ ጠረፍ ላይ አንድ ሰው ጨርቅ ሲያውለበልብ ቢያይ፥ «እዚህ ሰው አለ፤ መውጫው እዚህ ነው» ብሎ መረዳት የተፈጥሮ ነገር ነው። እነርሱም ትክክል ነበሩ። ድምፅ ደግሞ በማዕበሉ ጩኸት መካከል አይሰማም። በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቼ ይህን ሳታውቁት አትቀሩም፤ ጸሐፊው «ጕዳዩ ይታሰብበት» ሲል «አይሆንም» ማለቱ ነው፥ ተቀባዩ ግን «ይሆናል» ብሎ ያነበዋል። በወረቀት ላይ ሲሆን የሚጠፋው ጊዜ ነው። እዚያ የጠፋው ሰው ነው። ለራሷ ለሴቲቱስ ከዚያ በኋላ ያንን ሹራብ መልበስ እንዴት ሆኖላት ይሆን?

ሰው የሌለባት መርከብ እየነደደች ወደ ምድር መጥታ ከወሽመጡ ቋጥኝ ላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እሳቱና ባሕሩ ተከፋፈሉት። ከውሃ በላይ የነበረውን እሳቱ በላው። የቀረውን ማዕበሉ እየደበደበ በታተነው፤ ማዕበሉ ያስተረፈውን ደግሞ በእንጨት ውስጥ እየቦረቦረ የሚኖረው የመርከብ ትል ይጨርሰዋል። ትል ይባል እንጂ በእውነቱ ትል አይደለም፤ ከዛጎል ፍጥረት ወገን ነው፤ ትንሽዋ ዛጎሉ እንደ መሮ ታገለግለዋለች። ጋኑን ግን ምንም አላገኘውም። የመርከብ ጋን በውስጡ የታመቀውን እንፋሎት እንዲችል የሚሠራው ከወፍራም የብረት ሉሕ ነው፤ ክብ የሚሆነውም ግፊቱን በየአቅጣጫው እኩል እንዲከፋፈለው ነው። ከውስጥ የሚመጣን ኀይል ለመቻል የተሠራ ዕቃ ከውጭ የሚመጣውንም ቻለው። ዝገቱም እየሠራ ነው፤ ነገር ግን ከላዩ የተለጠፉት የባሕር ፍጥረቶች እንደ ልብስ ስለሆኑት ሥራው ይዘገያል።

የማርሆፈር ዕድሜ ሦስት ዓመት ብቻ ነበር። እኅቶቿስ ምን ሆኑ? ብዙዎቹ በዚያው ጠረፍ ጠፉ። በ1914 ዓ.ም. ኖቬምበር ወር «ሃናሌ» የተባለችው ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን በጭጋግ ውስጥ ከድንጋይ ላይ ወጥታ 23 ሰው አልቋል። ያልሰመጡትን ደግሞ የባቡር ሐዲዱና የጭነት መኪናው ሥራ አሳጣቸው። መንገድ ወደ ደኑ በገባ ጊዜ ጣውላው በውሻ ጉሬ የሚወርድበት ምክንያት ቀረ።

የመጨረሻይቱ «ዋፓማ» ትባል ነበር። ታሪኳን ሳነብ ከማርሆፈር ይልቅ ያሳዘነችኝ እርስዋ ናት። በ1915 ዓ.ም. በኦሪገን ሴንት ሄለንስ በተባለች ከተማ ተሠራች፤ ጣውላም መንገደኛም ይዛ በጠረፉ ላይ ስትመላለስ ቈየች፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ስሟ ተለውጦ ወደ አላስካ ሄደች፤ እስከ 1947 ድረስ ሠራች። ልትሰበር ስትል የካሊፎርንያ መንግሥት ገዛትና ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ለሕዝብ ትታይ ጀመር። በ1984 ዓ.ም. የአገሪቱ ታሪካዊ ቅርስ ተብላ በመዝገብ ተጻፈች። ከ200 በላይ ከሆኑት የቀረች አንዲት እርስዋ ብቻ ነበረች።

ነገር ግን ስለ ጨውና ስለ ዝናብ የነገርሁዎትን ያስታውሱ። በሥራ ላይ ያለች የእንጨት መርከብ ጀርባዋ በየቀኑ በጨው ውሃ ይታጠባል፤ የበሰበሰውን ሳንቃ አናጢ ወዲያው ይለውጠዋል። ቆማ የምትታይ መርከብ ግን የምትታጠበው በዝናብ ነው። ዋፓማ እየበሰበሰች ሄደች። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ከውሃ ወጥታ በሌላ ጠፍጣፋ መርከብ ጀርባ ላይ ተቀመጠች፤ በራሷ መንሳፈፍ አትችልምና። ለማደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ በያመቱ እየበዛ ሄደ፥ በጀቱ ግን አልመጣም። «ቅርስ» የሚለው ወረቀት እያላት ሠላሳ ዓመት ያህል ስትጠብቅ ቈይታ በ2013 ዓ.ም. ተፈታች። መልኳና አሠራሯ አስቀድሞ በሥዕልና በፎቶግራፍ ተመዝግቧል፤ ከአካላቷም አንዳንዱ ተቀምጧል።

በሥዕል መመዝገቡ ይበቃ ነበር የሚሉ አሉ። ገንዘብ የማይሰጠው መሥሪያ ቤት እንዲህ ቢል አይገርመኝም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለማደስ የማይቻል ከሆነ ገና በ1960ዎቹ እንጨቱ ጤነኛ ሳለ ጣሪያ ቢሠሩላት ኖሮ፥ ከዝናብ ብቻ ቢጋርዱዋት፥ የወጣው ወጪ ኋላ ከጠፋው እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር። ሊቃውንት ሁሉ ሲከራከሩባት በላይዋ ቆርቆሮ የዘረጋ ሰው አልተገኘም።

ወደ ኦሪገን የሚሄድ አንባቢ ቢኖር፥ ጋኑን ለማየት የሚሻለው ባሕሩ ከተራው መጠን በላይ የሚሸሽበት ቀን ነው፤ ይህም በሰንጠረዥ ታትሞ አስቀድሞ ይታወቃል። ቋጥኙ አንሸራታች ስለሆነ ጫማ ይጠንቀቁ፤ ጀርባዎንም ለባሕሩ አይስጡ፥ ያ ጠረፍ ሳይታሰብ በሚመጣ ትልቅ ማዕበል የታወቀ ነውና። ባሕር ስለ ምን በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽና በአንዳንዱ ቀን ከሌላው አብልጦ እንደሚሸሽ የጠየቃችሁኝ ተማሪዎች አላችሁ። ነገሩ ከጨረቃና ከፀሐይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቦታ ይፈልጋል፤ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ እንገናኛለን።